የቀኝ ክንፍ ክዳን

1.

የሃያ አራት ቁጥር አውሮፕላን የቀኝ ክንፍ የነዳጅ ክዳን እንዴት እንደሚዘጋ፦

ነዳጁ ሞልቶ ቱቦው ሲወጣ ክዳኑን ቦታው ላይ ታስቀምጣለህ። የክዳኑን ምላስ፣ የምትታጠፈዋን መቆለፊያ ብረት፣ ታስተኛለህ። ምላሱ ይተኛል፤ ከላይ ስታየው የተዘጋ ይመስላል። አልተዘጋም። ምላሱን መልሰህ ታነሳለህ። መዳፍህን ክዳኑ ላይ አሳርፈህ የሰውነትህን ክብደት ትጥልበታለህ። እንደተጫንክ የጥፍር ውፍረት ታህል ወደ ቀኝ ታዞራለህ። በጆሮህ ሳይሆን በእጅህ የምትሰማው "ጠቅ" የሚል ነገር አለ። እሱን ከሰማህ ምላሱን አስተኛ። አሁን ተዘግቷል።

ይህ መመሪያ በየትኛውም የጥገና መጽሐፍ ውስጥ የለም። የነበረው አንድ ሰው መዳፍ ውስጥ ብቻ ነው።

2.

ሰውየው ማስተር ቴክኒሻን ማንደፍሮ ይባላል። ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ አጠር ያለ፣ ደረቱ ሰፊ፣ ቱታውን ራሱ የሚተኩስ ሰው። ሃያ አራት ቁጥር ደግሞ ሁለት ሞተር ያላት የጭነት አውሮፕላን ነች። ሙሉ ቁጥሯ ረዥም ስለሆነ ሁላችንም በመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች ነበር የምንጠራት። አብዛኞቹ ቴክኒሻኖች በየሁለት ዓመቱ ከአውሮፕላን ወደ አውሮፕላን ሲዘዋወሩ፣ ማንደፍሮ ከሃያ አራት ጋር አሥራ አንድ ዓመት ቆየ። ማሠልጠኛ ሄደህ አስተምር ሲሉት እምቢ አለ። ፈረቃው ባይሆን እንኳ በሜዳው ካለፈ፣ ጎማዋን ሳያይ አያልፍም።

የክዳኑ መቀመጫ ቀለበት ተበልቶ ነበር። ማንደፍሮ ይህን ያወቀው ልነግራችሁ ከተነሳሁበት ልምምድ አሥራ አራት ወር ቀደም ብሎ ነው። መዝገብ ላይ ቢያሰፍረው መለዋወጫው እስኪመጣ አውሮፕላኗ ትቆማለች፤ መለዋወጫ ደግሞ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። "ለጊዜው በእጄ ልያዘው" አለ። ለጊዜው ያለው ሰነበተ። ሲሰነብት ሌላ ነገር ሆነ፤ ያለ እሱ እጅ የማትዘጋ አውሮፕላን አገኘ። ይህ ደስ እንደሚለው ለራሱም አልነገረው።

እኔ ያን ጊዜ የጥገና ክፍሉ መዝገብ ጸሐፊ ነበርኩ። ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት፣ ቅጾቹን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። የሰውየውን ሆድ ግን ከቅጽ ላይ አላገኘሁትም። ከሁለት ዓመት በኋላ ጡረታ ሲወጣ፣ ራሱ ቁጭ ብሎ አጫወተኝ። የአየር ኃይል ምድቡን ስምና ለልምምዱ የመጡትን እንግዶች አገር ትቼዋለሁ። ቁጥሮቹን ያስገባሁት፣ በአንድ ትንፋሽ ልጽፈው ሞክሬ ስላልሆነልኝ ነው።

3.

ከቃለ ጉባኤው። ማክሰኞ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል፣ የጥገና ክፍል።

ሻለቃ ዳምጠው፦ እንግዶቹ በሚቀጥለው ሰኞ ይገባሉ። የነሱም አውሮፕላን ከኛ ጋር አንድ ዓይነት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት እንተዋወቃለን። በሁለተኛው የነሱን አውሮፕላን እኛ እናስተናግዳለን፣ የኛን እነሱ። ነዳጅ፣ ፍተሻ፣ ርክክብ። ነገ ችግር ቢመጣ በነሱ ሜዳ አርፈን በነሱ እጅ ልንነሳ ነው፤ ያንን ነው የምንለማመደው።

ማንደፍሮ፦ የትኛዋን አውሮፕላን ነው የምንሰጣቸው?

ሻለቃ ዳምጠው፦ ሃያ አራትን። በአያያዝ ከሁሉም የተሻለች እሷ ነች። ይህ ላንተ ምስጋና ነው።

ማንደፍሮ፦ እሺ።

ሻለቃ ዳምጠው፦ አስተባባሪ እንሰይማለን። ከእንግዶቹ ጋር የሚነጋገር፣ የአውሮፕላኗን ዝርዝር የሚያስረክብ፣ በርክክቡ ላይ የሚፈርም። በየካቲት ልምምዱ እነሱ አገር ሲቀጥል ቡድናችንን ይዞ የሚሄደውም እሱ ነው።

(እዚህ ጋ የክፍሉ ሰው ሁሉ ወደ ማንደፍሮ ዞረ። ይህ ቃለ ጉባኤው ላይ የለም፤ እኔ ግን አይቻለሁ። ማንደፍሮ እስክሪብቶውን ከኪሱ አውጥቶ ነበር።)

ሻለቃ ዳምጠው፦ ሲኒየር ቴክኒሻን ሌንሳ።

ሌንሳ፦ እኔ?

ሻለቃ ዳምጠው፦ እንግሊዝኛሽ ጥሩ ነው። ሥራውን ማን እንዳስተማረሽ ደግሞ እናውቃለን።

4.

ሌንሳ።

ከሰባት ዓመት በፊት ከማሠልጠኛ ስትመጣ፣ ከቱታዋ እጅጌ ጣቶቿ እንኳ አይታዩም ነበር። ማንደፍሮ ነው እጅጌውን ያሳጠረላት፤ በመቀስ፣ የአውሮፕላን መጠገኛው ሃንጋር ውስጥ ቆመው። ካቻቪቴ አያያዝ ያሳያት፣ ብሎን ሲጠብቅ በክንድ ሳይሆን በትንፋሽ እንደሚለካ የነገራት፣ ስታጠፋ ከአለቃ ፊት የቆመላት እሱ ነው። "ልጄ" ነበር የሚላት። እሷ ግራ ክንፍ ላይ ትወጣለች፣ እሱ ቀኝ ክንፍ ላይ፤ ሰባት ዓመት እንዲሁ ነበሩ።

ያን ዕለት ከስብሰባው ሲወጡ ሮጣ ደረሰችበት።

"ጋሽ ማንደፍሮ፣ እኔ አልጠየቅኩም። ከእርስዎ ጋር ካልሆነ አልችለውም።"

"ትችይዋለሽ" አላት። "ለዚህ አይደል ያስተማርኩሽ።"

ቃሉ መልካም ነበር። ድምፁ ግን የሌላ ሰው ሆኖ ለራሱ ተሰማው።

5.

የእንግዶቹ አለቃ ቴክኒሻን ሳጅን ዋፉላ ይባላል። ዕድሜው አርባ አምስት ገደማ፣ ጢሙ መሸበት የጀመረ፣ በጣም ረዥም ሰው ነው። አውሮፕላን ከመንካቱ በፊት እጁን ይታጠባል። ሲሠራ ለስለስ ያለ መዝሙር ያንጎራጉራል። መሣሪያ ሲዋስ ወስዶ ጠርጎ ይመልሳል። ማንደፍሮ የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ ጥፋት ሲፈልግበት ዋለ። አንድ ቢያገኝበት ቀለል ይለው ነበር። አላገኘም።

በእንግሊዝኛ የተጻፈውን የሃያ አራትን መጽሐፍ፣ ስምንት መቶ ገጹን፣ ማንደፍሮ በቃሉ ያውቀዋል። ስለ ሞተር ከሆነ ዓረፍተ ነገሩን ከነገጹ ይነግርሃል። ዋፉላ ግን በጠዋት እጁን ዘርግቶ እንዴት አደርክ፣ ቤተሰብ ደህና ነው ወይ ብሎ ጠየቀው። ስለ ቤተሰብ መጽሐፉ ውስጥ ምንም አልተጻፈም። ማንደፍሮ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ራሱን ነቀነቀ። ሌንሳ ከጎኑ ሆና መለሰችለት። ደህና ነው አለች፤ ሚስቱ አስተማሪ ነች አለች፤ ልጆቹ አደጉ አለች።

የገዛ ቤቱን ወሬ ሌላ ሰው ሲያወራለት ቆሞ ሰማ።

6.

ማንደፍሮ በዚያ ሳምንት ያያቸው፦

ሰኞ። ዋፉላ የሃያ አራትን አፍንጫ በመዳፉ ነካ አድርጎ አንድ ነገር ተናገረ፤ ሌንሳ ሳቀች። ምን አለ ብሎ እስኪጠይቃት ግማሽ ቀን ታገለ። "እንዲህ ንጹሕ አድርጎ የያዛት ማነው አለኝ" አለችው። "ታዲያ ምን አሳቀሽ?" "እኔ ነኝ ብዬው ነዋ። ቀልዴን።" እሱም እንደ መሳቅ አለ።

ማክሰኞ። ዋፉላ ከጎማው ሥር ተኝቶ ሲያይ ሌንሳ ባትሪውን ያዘችለት። አልጠየቃትም። የት ላይ እንደምታበራ አልነገራትም። አወቀችው። ሰው የሚያየውን ቀድሞ ማወቅ የተማረችው ከማንደፍሮ ጋር ሁለት ዓመት ፈጅታ ነው።

ረቡዕ። ዋፉላ የወደቀ ብሎን የሚለቅም፣ እንደ እስክሪብቶ የሚረዝምና የሚያጥር ማግኔት ሰጣት። ደረት ኪሷ ውስጥ አደረገችው። ደረት ኪሷ ውስጥ የነበረችው፣ ጠባብ ቦታ የምታሳየው ትንሿ መስታወት ወደ ሱሪ ኪሷ ወረደች። መስታወቷን የሰጣት ማንደፍሮ ነው፣ ሲኒየር የሆነች ዕለት።

ሐሙስ። ምንም። ቀኑን ሙሉ አንድ ነገር ሲጠብቅ ዋለ፤ ምንም አልሆነም፤ ያ ደግሞ ባሰበት።

7.

አርብ እራት ላይ ሚስቱ ወይዘሮ ስንዱ ሳህኑን አየችው። አልተነካም።

"ሥራ ነው?"

"ልጅቷ በማታውቀው ገብታ ሰውየውን አለቃ አደረገችው። አውሮፕላኔን እንደ ራሱ ነው የሚያገላብጣት።"

ስንዱ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"ሰባት ዓመት ሙሉ ሌንሳ፣ ሌንሳ ስትል ነው የሰማሁህ። ዛሬ 'ልጅቷ' አልክ።"

"ያው ነው።"

"አይደለም፤ ያው አይደለም" አለች፤ ሳህኑንም አነሳችለት።

8.

ቅዳሜ ጠዋት ሌንሳ ወረቀት ይዛ ሃንጋር መጣች። ሰኞ በሦስት ሰዓት ሃያ አራት በእንግዶቹ እጅ ተሰናድታ፣ አሥራ አራት ሰው ይዛ ትነሳለች።

"ጋሽ ማንደፍሮ፣ የእሷን ጸባይ እንደ እርስዎ የሚያውቅ የለም። መጽሐፉ ላይ የሌለውን ሁሉ ይጻፉልኝ። እኔ ተርጉሜ ለዋፉላ እሰጠዋለሁ።"

አጠገቡ ተቀመጠች። እሱም ጻፈ። ወረቀቱ ፋይል ውስጥ አለ፤ እንዲህ ይላል፦

1. የአፍንጫ ጎማ በጠዋት ብርድ አየሩን ዝቅ አድርጎ ያሳያል። ሳትጨምሩ ፀሐይ እስኪመታው ጠብቁ።
2. የጭነት በሩ ሲከፈት ይጮኻል። ችግር የለውም።
3. የግራ ሞተር ዘይት የሚለካው አውሮፕላኗ ደልዳላ ቦታ ስትቆም ብቻ ነው።
4. የባትሪ ሳጥኑ ሦስተኛ ብሎን ከሌሎቹ ያጥራል። እንዳይቀያየር።
5. የረዳት አብራሪው ወንበር ወደፊት ሲገፋ ይይዛል። ከፍ አድርጋችሁ ግፉት።
6. የጅራት መብራት ሽፋን ስንጥቅ አለው፤ ተመዝግቧል።
7. የግራ ፍሬን ቱቦ አዲስ ነው፤ ማላቡ የቅባት እንጂ የመፍሰስ አይደለም።
8. የኋላ መስኮት ጎማ በዝናብ ጊዜ ጠብታ ያስገባል።

"ሌላስ የለም?" አለች ሌንሳ።

9.





10.

"የለም" አላት።

ከላይ ያለው ባዶ ቁጥር የኅትመት ስሕተት አይደለም። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ዘጠኝ ቁጥርን ጽፎ ነበር። ሌንሳ በስልክ ተጠርታ ለአፍታ ዞር ስትል ቁጥሩን ሰረዘው። ፋይሉ ውስጥ ያለው ወረቀት ላይ ስርዙ እስከ ዛሬ ይታያል።

ምን እያሰብክ ነበር ብዬ ጠየቅኩት፣ ያን የጡረታውን ሰሞን። አውሮፕላን ይወድቃል ብሎ አላሰበም። "ገና ሜዳው ላይ ስትንቀሳቀስ ትንሽ ይንጠባጠባል፣ ያዩታል፣ ይደነግጣሉ፤ ማንደፍሮን ጥሩት ይባላል ብዬ ነው" አለኝ። እንዲጠሩት ነው የፈለገው። እሱ ያላሰላው ግን አንድ ሒሳብ ነበር። በሌላ ጊዜ ሃያ አራት ግማሽ ነዳጅ ይዛ ነው የምትበረው። ሰኞ ዕለት መንገዱ ሩቅ ስለሆነ እስከ አፏ ትሞላለች፤ የሞላ ነዳጅ ደግሞ በረራ ላይ ንፋሱ ከክዳኑ ሥር ይመጥጠዋል።

11.

ሰኞ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል።

ዋፉላ ቀኝ ክንፍ ላይ ነበር። ማንደፍሮ የተመደበው በእንግዶቹ አውሮፕላን ላይ ነው፣ ሠላሳ እርምጃ ራቅ ብሎ። ከዚያ ሆኖ አየ። ቱቦው ወጣ። ክዳኑ ተቀመጠ። ዋፉላ ምላሱን አስተኛ፣ ዙሪያውን በጣቱ ዳሰሰ፣ ጎንበስ ብሎ ተመለከተ። መጽሐፉ የሚለውን አንድም አላጎደለም። ሌንሳ ተከትላ ወጥታ አየችው። የተኛ ምላስ ነው ያየችው። ወረቀቷ ላይ ምልክት አደረገች።

ማንደፍሮ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ወደ ሃያ አራት መራመድ ጀመረ።

ሊነግራቸው እየሄደ ነበር። ይህን ደጋግሞ ነግሮኛል። አሥር እርምጃ ሲቀረው ዋፉላ ከመሰላሉ ወርዶ አየውና ፊቱ በራ። ከዚያም በተሰባበረ አማርኛ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እያነሳ፣

"እንደምን አደሩ፣ ጋሼ" አለው።

ጋሼ።

ማን እንዳስተማረው ግልጽ ነው። ያ ቃል የሌንሳ ነበር፤ ሰባት ዓመት ለሱ ብቻ ስትለው የኖረች። አሁን እንደ ማግኔቱና እንደ ባትሪው የሁለቱ ሆኗል። ሌንሳ ከኋላ ቆማ፣ ጎበዝ ተማሪ እንዳላት አስተማሪ ፈገግ ብላለች።

ማንደፍሮ "እግዚአብሔር ይመስገን" አለ።

ተመልሶ ሄደ።

የክዳኑን ነገር አልተናገረም።

12.

ከበረራ መቆጣጠሪያው ታወር የድምፅ መዝገብ። አብራሪው ሻምበል ናሆም ነው። ከተነሳ አሥራ አንድ ደቂቃ ሆኖታል።

— ታወር፣ ሃያ አራት ነኝ። ከኋላ ያለችው የእንግዶቹ አውሮፕላን ከቀኝ ክንፌ ነጭ ነገር እየወጣ ነው አለችኝ።

— ሃያ አራት፣ ጭስ ነው?

— አላውቅም። ቆይ። ቴክኒሻኗ በኋላ መስኮት እያየች ነው።

(ከስምንት ሰከንድ በኋላ።)

— ታወር፣ ሌንሳ ነዳጅ ነው ትላለች። ከላይ ከክዳኑ እየተመጠጠ ነው። በጣም ብዙ ነው። የሞተሩን ጭስ ማውጫ ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው።

— ሃያ አራት፣ ተመለስ። ማኮብኮቢያው ላንተ ክፍት ነው።

— ቀኝ ሞተሬን ልዘጋው ነው። በአንዱ እመጣለሁ።

ይህ ሁሉ ሜዳው ላይ ባለው ራዲዮ ይሰማል። ማንደፍሮ ከራዲዮው አጠገብ ቆሞ ነበር። "ሌንሳ" የሚለውን ሲሰማ ጨርቁ ከእጁ ወደቀ። አስተባባሪዋ ከአውሮፕላኗ ጋር እንድትበር የተወሰነው በመጨረሻው ሰዓት ነው። በሩ ሲዘጋ ፊቱን ወደ እንግዶቹ አውሮፕላን አዙሮ እንደነበረ፣ ውስጥ መሆኗን ያወቀው ያኔ በራዲዮ እንደሆነ ነገረኝ።

የነገረኝን ነው የምጽፈው።

13.

አሥራ ሰባት ደቂቃ።

የእሳት አደጋ መኪኖቹ ማኮብኮቢያው ዳር ተሰለፉ። ዋፉላ ቆቡን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞታል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ መዝሙሩ አልነበረም። ማንደፍሮ ቀኝ መዳፉን አየ። ከዚያ ሱሪው ላይ ጠረገው፣ ምንም ሳይኖርበት።

ሃያ አራት በአንድ ሞተር፣ ወደ ጎን ዘመም ብላ መጣች። ጎማዎቿ መሬት ሲነኩ ከክንፏ ላይ ነዳጁ እንደ ዝናብ ተረጨ። መኪኖቹ አረፋቸውን ይዘው ተከተሏት። ቆመች። በሩ ተከፈተ። አሥራ አራት ሰው እየሮጠ ወጣ። ማንደፍሮ ቆጠረ። አሥራ አምስተኛዋ ሌንሳ ነች፤ እየሮጠች አልነበረም፤ ዞር ብላ ክንፉን እያየች ነበር።

ሻምበል ናሆም ሣሩ ላይ ቁጭ አለና ውኃ ስጡኝ አለ። ሌላ ሰው አጠጣው።

14.

ከምርመራው ቃለ ጉባኤ። በዚያው ዕለት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።

ዋፉላ (በአስተርጓሚ)፦ ክዳኑን የዘጋሁት እኔ ነኝ። የመጨረሻው እጅ የኔ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።

ሌንሳ፦ ዝርዝሩን የተቀበልኩት እኔ ነኝ፤ የፈረምኩትም እኔ ነኝ። ቀኝ ክንፍ ላይ ሁልጊዜ የሚወጡት ጋሽ ማንደፍሮ ነበሩ። ሰባት ዓመት ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም። መጠየቅ ነበረብኝ።

ሻለቃ ዳምጠው፦ ማንደፍሮ፣ ክዳኑን አየኸው?

ማንደፍሮ፦ አየሁት። የመቀመጫው ቀለበት ተበልቷል።

ሻለቃ ዳምጠው፦ ከመቼ ጀምሮ ይመስልሃል?

ማንደፍሮ፦ ለማወቅ ያስቸግራል።

(ሌንሳ ቀና ብላ አየችው። ይህም ቃለ ጉባኤው ላይ የለም።)

ውሳኔ፦ ሲኒየር ቴክኒሻን ሌንሳ ከአስተባባሪነት ለጊዜው ትነሳ። ማስተር ቴክኒሻን ማንደፍሮ ይተካት። የየካቲቱን ቡድንም እሱ ይምራ።

ይህን ሲሰማ መጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነው። ደስታው እስከ ሃንጋሩ በር ድረስ፣ ምናልባት መቶ እርምጃ ያህል፣ አብሮት እንደሄደ ነገረኝ። ይህን ሲነግረኝ ዓይኑን አላሸሸም።

15.

ማክሰኞ ማለዳ ዋፉላ ብቻውን ወደ ማንደፍሮ መጣ። አስተርጓሚ አልነበረም። ዓይኑ ቀልቷል። ክንፉን አመለከተ፤ የራሱን ቀኝ እጅ አሳየ፤ ከዚያ ለማንደፍሮ እንዲገባው እንግሊዝኛውን እየቆራረጠ፣ ቀስ እያለ ተናገረ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ክዳን ዘግቻለሁ አለ። ትናንትም ዘግቻለሁ። እጄ ምን እንዳጠፋ አሳየኝ። ሳላውቀው ወደ ቤቴ ከሄድኩ ሌላ አውሮፕላን መንካት አልችልም።

ማንደፍሮ እያንዳንዱ ቃል ገባው። መጽሐፍ ውስጥ ያሉ ቃላት ነበሩ፤ እጅ፣ ክዳን፣ መዝጋት፣ ማሳየት።

መሰላሉን ወጡ። ማንደፍሮ ክዳኑን አስቀመጠ፣ ምላሱን አስተኛ፣ መልሶ አነሳ። ከዚያ የዋፉላን ትልቅ እጅ ይዞ ክዳኑ ላይ አደረገው፣ የራሱን እጅ ከላይ ጫነበት፣ የጥፍር ውፍረት ታህል ወደ ቀኝ አዞረ።

ጠቅ።

ዋፉላ እጁን ሳያነሳ ቆየ። እንደገና ብቻውን አደረገው። ጠቅ። መጀመሪያ ፊቱ ተፈታ፤ ጥፋቱ የእጁ እንዳልሆነ አወቀ። ቀጥሎ ቀስ ብሎ ዞሮ ማንደፍሮን አየው። እንዲህ ያለውን ነገር አንድ ሰው በአንድ ቀን ምርመራ አያገኘውም። መዳፍ ውስጥ የቆየ ነገር ነው።

"ከመቼ ጀምሮ?" አለው በእንግሊዝኛ።

ማንደፍሮ የክዳኑን ምላስ አስተኛ። ዋፉላ ጥያቄውን አልደገመም። ከመሰላሉ ወርዶ፣ እጁን ሊታጠብ ሄደ።

16.

ከሩብ ሰዓት በኋላ ማንደፍሮ እኔ ጋ መጥቶ ቅጽ ስጠኝ አለ። የትኛውን ስለው፣ ጉድለት የሚመዘገብበትን አለኝ። ቆሞ ሞላው።

ጉድለቱ፦ የቀኝ ክንፍ ነዳጅ ክዳን መቀመጫ ቀለበት ተበልቷል።

የታወቀበት ጊዜ፦ ከአሥራ አራት ወር በፊት።

ያወቀው ሰው፦ እኔ።

የተነገረው ለማን፦ ለማንም።

ያልተመዘገበበት ምክንያት፦

እዚህ ላይ "መለዋወጫ" ብሎ ጀመረና ሰረዘው። "ዘንግቼ" ብሎ ጻፈና ሰረዘው። በመጨረሻ አንድ ቃል ጻፈ፣ ፈረመበት፣ ሰጠኝ።

ቀንቼ።

ሻለቃ ዳምጠው ቅጹን ሁለት ጊዜ አነበበው። "ይህ የቴክኒክ ምክንያት አይደለም" አለ። "ሌላ የለኝም" አለ ማንደፍሮ።

17.

የሆነው እንዲህ ነው። ማንደፍሮ ከሃያ አራት ተነስቶ፣ ማስጠንቀቂያ ፋይሉ ውስጥ ገብቶ፣ መሣሪያ ቤት ተመደበ፤ ጠዋት ቁልፍና ካቻቪቴ በፊርማ እየሰጠ፣ ማታ እየተረከበ። ሌንሳ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። እንግዶቹ ልምምዳቸውን ጨርሰው ሲሄዱ ዋፉላ የሁላችንንም እጅ ጨበጠ። የማንደፍሮንም ጨብጧል፤ አጭር ነበር። የመቀመጫ ቀለበቱ መለዋወጫ ጉድለቱ በተመዘገበ በዘጠነኛው ቀን መጣ።

በየካቲት፣ ቡድኑ ሊነሳ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሌንሳ መሣሪያ ቤቱ መስኮት ላይ ቆመች። እስከዚያ ቀን ድረስ ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልተነጋገሩም ነበር።

"ዋፉላ ጽፎልኛል" አለችው። "ጋሼን ሰላም በይልኝ ይላል።"

"አመስግኝልኝ።"

አልሄደችም። ጣቷን የመስኮቱ ጠርዝ ላይ እያመላለሰች ቆየች።

"ጋሽ ማንደፍሮ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት።"

"ጠይቂ።"

"የጻፉትን ቅጽ አይቻለሁ። እሱን ይቅር ብያለሁ። ከልቤ ነው። ግን ያን ቀን አውሮፕላኗ ውስጥ ገብቼ በሩ ሊዘጋ ሲል፣ ወደ እርስዎ እጄን አውለብልቤ ነበር። ፊትዎን ወደ እኔ አድርገው የቆሙ መስሎኝ ነው። ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ስለነበረች እርግጠኛ አይደለሁም። ከዚያ ወዲህ ስተኛም ስነሳም እሱን ነው የማስበው።"

ማንደፍሮ ጠረጴዛው ላይ ያለውን መዝገብ ዘጋ።

"አይተውኝ ነበር?"

18.